የለመደ አፍንጫ

«አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ለዝምድና ነው፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ያመዋል ለማለት። ቃል በቃል ቢወሰድም ግን ስህተት አይወጣለትም። ፊታችንን የሚያዳርሰው አንድ ትልቅ ነርቭ አንዱን ቅርንጫፍ ወደ ዓይን፣ ሌላውን ወደ አፍንጫ ይልካል። ስለዚህ የበርበሬ ብናኝ ወይም የጭስ ሽውታ አፍንጫን ሲቆነጥጥ ዓይን እንባ ያወርዳል። አባቶቻችን ነርቩን ባያውቁት ሥራውን አይተውታል ማለት ነው።

ተረቱ ያልነገረን ነገር ቢኖር አፍንጫ ራሱ ዝም የሚልበት ጊዜ መኖሩን ነው። የዛሬው ወጋችን በዚህ ዝምታ ላይ ነው። ነገሩ የሚነሳው ከቡና ረከቦታችን አጠገብ፣ ከዕጣን ማጨሻው ነው። የሚያደርሰን ደግሞ እስከ አሶሳና መተከል ቆላ ድረስ ነው። እስቲ አብረን እንዝለቅ።

አፍንጫ በቋንቋችን ብዙ ክብር ያገኘ አካል አይደለም። የምንወደውን ሰው «ዓይኔ» እንላለን፤ «አፍንጫዬ» ያለ ፍቅረኛ ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም። ሰው ስናናንቅ «አፍንጫህን ላስ!» ነው የምንለው። ምስክርም ቢሆን «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ሲል ይታመናል፤ «በአፍንጫዬ አሸተትኩ» ቢል ችሎቱ ይስቅበታል። ይሁን እንጂ ለማሽተት ያለን ቃል ትንሽ አይደለም። ሽታ፣ ጠረን፣ መዓዛ፣ ግማት፣ ክርፋት፣ ጥንባት እያልን እንለያለን። ሕፃን ጠረን አለው፤ ቡና መዓዛ አለው፤ የሰነበተ ሥጋ ይገማል። ልጃችንን «መዓዛ» ብለን እንሰይማለን። ተንኮል የጠረጠርን እንደሆነ ደግሞ «ነገሩ ሸተተኝ» እንላለን።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ቃላት ሽታው ደስ ይበል ወይም ያስቀይም እንጂ ምን ዓይነት እንደሆነ አይናገሩም። ዓይነቱን ለመንገር የነገሩን ስም መዋስ አለብን። የቡና ሽታ፣ የዝናብ ያገኘው አፈር ሽታ፣ የተነጠረ ቅቤ ሽታ እንላለን። ለዓይን ቀይና ሰማያዊ የሚባል ነገር አለ፤ ለአፍንጫ እንዲህ ያለ ስም የለንም። እንግሊዞችም ፈረንሳዮችም ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። የቋንቋ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ግን በማሌዢያ ጫካ የሚኖሩ ጃሃይ የሚባሉ ሰዎች ሽታን ልክ እንደ ቀለም ያለ ችግር በስሙ እንደሚጠሩ አሳይተዋል። እንግዲህ ድክመቱ የአፍንጫ ሳይሆን የልማድ ነው ማለት ነው። ልማድ የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

አሁን ዕጣኑ ፍም ላይ ይውደቅ። ዕጣን ማለት ከዛፍ ቆዳ የወጣ፣ አየር ነክቶት የደረቀ ሙጫ ነው። ሳይሞቅ ሽታው ለዘብ ያለ ነው፤ ፍም ሲነካው ግን በውስጡ ያሉት ቀላል ቅንጣቶች፣ ሳይንሱ ሞለኪውል የሚላቸው፣ ተነነው ወደ አየር ይወጣሉ። ከጢሱ ጋር ቤቱን ይሞላሉ። አንድ ጊዜ አየር ስንስብ ከነዚህ ጥቂቶቹ በአፍንጫችን ቀዳዳ ሽቅብ ወጥተው ከጣሪያው ይደርሳሉ። እዚያ፣ በሁለቱ ዓይኖች መሐል ከፍ ብሎ፣ ከፖስታ ቴምብር ብዙም የማይበልጥ እርጥብ ስስ ቆዳ አለ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የማሽተት ሕዋሳት ጭራቸውን ወደ ንፍጡ አስገብተው የሚጠባበቁት እዚህ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ራሳቸው ነርቮች ናቸው። ከመላ ሰውነታችን ውስጥ አንጎል በቀጥታ ወደ ውጭው አየር እጁን የዘረጋበት ቦታ ይህ ነው ቢባል አልተጋነነም። አቧራና ጉንፋን ሲያረጃቸው ደግሞ ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ይተካቸዋል።

እያንዳንዱ ሕዋስ በላዩ ላይ አንድ ዓይነት ተቀባይ ፕሮቲን ይሸከማል። ተቀባዩ ከሚስማማው ሞለኪውል ጋር ሲገናኝ ሕዋሱ ይነሳና መልእክቱን በቀጭን የአጥንት ወንፊት አሾልኮ ወደ አንጎል ይሰዳል። ሰው ወደ 400 የሚጠጉ የተቀባይ ዓይነቶች አሉት። ታዲያ የምናሸተው ነገር ከአራት መቶ እጅግ ይበልጣል፤ እንዴት ሆኖ? ፊደላችንን አስቡት። «ሀ» ብሎ እስከ «ፐ» ድረስ 231 ሆሄያት አሉ፤ በነሱ የሚጻፈው ቃል ግን ማለቂያ የለውም። አፍንጫም እንዲሁ ነው። አንድ ሞለኪውል ብዙ ተቀባዮችን ያስነሳል፤ አንድ ተቀባይም ለብዙ ሞለኪውሎች ይነሳል። አንጎል የሚያነበው የትኞቹ አብረው እንደተነሱ ነው። የዕጣን ሽታ አንድ ሆሄ ሳይሆን ረጅም ቃል ነው።

ይህን ለማወቅ የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው መቶ ዘመን የነበረው ሮማዊው ሉክሬቲየስ «ጥሩ የሚሸት ነገር ቅንጣቱ ልሙጥና ክብ ነው፤ መጥፎው ደግሞ ቆልማማ ነውና ይቧጥጣል» የሚል አሳብ ነበረው። በቅርጽ ማሰቡ ሩቅ አላሳተውም። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1752 ሽታዎችን በሰባት ክፍል መደባቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የአንጎላችን የማሽተት ክፍል ከሌላው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መሆኑን አይቶ ሰውን ከደካማ አሽታቾች መደበው። ከዚያ በኋላ የሰው አፍንጫ የማይረባ ነው የሚለው ወሬ መቶ ዓመት ያለፈ ዕድሜ አገኘ። ወሬው ተረት መሆኑን ሳይንስ የሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ በሰፊው ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ቁልፉን ያገኙት ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ ናቸው። ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 እነዚህን ተቀባዮች የሚሠራውን ትልቅ የጂን ቤተሰብ ይፋ አደረጉ። በአይጥ ውስጥ ሺህ ያህል፣ በሰው ውስጥ ደግሞ ከሚሠራው ጂናችን ከመቶ ሁለት ያህሉ ለአፍንጫ የተመደበ ሆኖ ተገኘ። በ2004 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የሰው የሽታ ተቀባይ ከነሞለኪውሉ ምን እንደሚመስል በምስል የታየው ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ጨረቃ ላይ ከወጣን ከሃምሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ዕጣንስ? ዕጣንን ዕጣን ያሰኘው ሞለኪውል የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ እስከ 2016 ድረስ በወጉ አልተመለሰም ነበር። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ ኒስ የሚሠሩ ኬሚስቶች በዘይቱ ውስጥ በጣም ጥቂት ሆነው የሚገኙ ሁለት አሲዶችን ለይተው፣ ያ ደብር ደብር የሚለው ጠለቅ ያለ ሽታ ከነሱ እንደሚመጣ አሳዩ። በመጠኑ ብዙ የሆነው ሁልጊዜ ሽታውን የሚሰጠው አይደለም፤ አፍንጫ ሚዛን የለውም፤ የሚያውቀው የሚያነሳሳውን ነው።

አሁን ወደ ዝምታው እንምጣ። የማሽተት ሕዋስ ሲነሳ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል፤ ያው ካልሲየም ዞሮ ሕዋሱን «በቃህ» ይለዋል። ሽታው ሳይለወጥ ከቆየ አንጎልም የበኩሉን ችላ ይላል። ስለዚህ ወደ መርካቶ በርበሬ ተራ የገባ እንግዳ ሲያስነጥስ ባለ ሱቁ ተዝናንቶ ሻዩን ይጠጣል። የራሳችን ቤት ምን እንደሚሸት እኛ አናውቅም፤ እንግዳ ነው የሚነግረን፤ እሱም ይሉኝታ ካልያዘው። ይህ የአፈጣጠር ጉድለት እንዳይመስላችሁ። አፍንጫ የተሰጠን አዲስ ነገር እንዲጠቁመን ነው። እሳት ተነስቶ እንደሆን፣ ወጡ አርሮ እንደሆን፣ ዝናብ እየመጣ እንደሆን ይናገራል። ሁልጊዜ ያለውን ነገር እየደጋገመ ቢነግረን አዲሱን አንሰማም ነበር። ዋጋው ግን አለ። ሁልጊዜ ያለ ነገር ቀስ በቀስ ሲያልቅም አይነግረንም።

አንድ ሕዝብም እንዲሁ ሊለምድ ይችላል። ለዚህ ከቤኒሻንጉል የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ዕጣን የዚህ የዓለም ክፍል ነባር ሀብት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን የግብጿ ንግሥት ሐትሼፕሱት መርከቦቿን ወደ ፑንት ምድር ልካ ነበር። በዴይር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ የመዓዛ ዛፎች ከነሥራቸው በቅርጫት ተደርገው ወደ መርከብ ሲጫኑ ተቀርጾ ይታያል። የፑንት ትክክለኛ ቦታ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ብዙዎቹ ሊቃውንት በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻና በአፍሪካ ቀንድ በኩል ይፈልጓታል። እንግዲህ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊትም ከእኛ ሰፈር የሚፈለገው ነገር ለአፍንጫ የሚሆን ነበር።

ወደ ምዕራቡ ቆላ ስንመጣ ግን ታሪክ ዓይኑን ያሳረፈው ወርቅ ላይ ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ጊዜ አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ ስለ «ሳሱ» ምድር ጽፏል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዢ በኩል ሰዎች ይልካል። ከነሱ ጋር የሚጓዙት ነጋዴዎች ከአምስት መቶ ይበልጣሉ። በሬ፣ አሞሌ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን ከአጥሩ ላይ ያኖራሉ። ያገሩ ሰው ይመጣና ከወደደው ነገር ላይ የወርቅ ቅንጣት አስቀምጦ ዞር ይላል። ባለቤቱ ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፤ ካልተስማማው ይተወዋል። ቋንቋ ሳይነጋገሩ ገበያው ይፈርሳል። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ሳሱ የተባለው አገር በፋዞግሊና በቤኒሻንጉል አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት ያህል የመጣው ሁሉ የመጣው ለወርቅ ነው። የግብጹ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ልጁን እስማኤልን ከጦር ጋር ወደ ሰናር ላከ፤ የሚፈልገው ወርቅና ባሪያ ነበር። ጦሩ በ1822 መጀመሪያ ከፋዞግሊ አልፎ ወደ በርታ ምድር ዘለቀ። ሰው ተያዘ፣ መንደር ተቃጠለ፤ ወርቁ ግን እንደተወራው አልሆነም። እስማኤል ራሱ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ሲመለስ ሸንዲ ላይ በመክ ንምር እጅ ተቃጥሎ ሞተ። አባቱ ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1838 መጨረሻ በሽምግልናው ራሱ ወርቁን ሊያይ ፋዞግሊ ድረስ መጣ። ተመለሰ።

ከእስማኤል ጦር ጋር አንድ ፈረንሳዊ ነበር። ፍሬዴሪክ ካዮ ይባላል፤ ሙያው የማዕድን ጥናት ነው። እሱም ወርቁን እንዲመረምር ነበር የተፈለገው። ይሁንና ካዮ ከጉዞው ሲመለስ የደረቁ የተክል ናሙናዎችም ይዞ ነበር። ደሊል የሚባል የአገሩ የዕፅዋት ሊቅ ናሙናዎቹን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1826 አሳተማቸው። ከነዚህ መሐል ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚነሳ አንድ ዛፍ ነበር። በዚህ ምክንያት «ፓፒሪፌራ»፣ ወረቀት ተሸካሚ፣ ተባለ። ዛሬ ዓለም ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ እያለ የሚጠራው፣ ቤተ ክርስቲያናችንንና የቡና ረከቦታችንን የሚያጥነው፣ ነጩ ዕጣን የሚወጣበት ዛፍ ይኸው ነው። ጦሩ ወርቅ ፍለጋ ዳክሮ ባዶ እጁን ሲቀር፣ እግረ መንገዱን የተቀነጠሰው ቅርንጫፍ ስሙን ለዘላለም ይዞ ቀረ። ሲቀነጥሱት ማን አሸተተው? ታሪክ አልመዘገበውም።

የእኛም መንግሥት ቢሆን ከዚህ የተለየ ዓይን አልነበረውም። ከአድዋ ድል በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ዘምተው ቤኒሻንጉልን ከማዕከሉ ጋር ሲያገናኙ ግብሩ በወርቅ ነበር የሚታሰበው። የአሶሳው ገዢ ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ወርቅ በመላክ ስማቸው ገነነ። አዲስ አበባ ላይ ሸጎሌ የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሳቸው ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉም በዚያ አቅጣጫ የሁሉም ሐሳብ ወርቁ ላይ ነበር። በዚያ ሁሉ ክርክር መሐል የዕጣኑ ዛፍ ከኮረብታው ላይ ቆሞ ነበር። አንድም ጊዜ የጦርነት ምክንያት ሆኖ አያውቅም። ታሪካችን በዓይን የተጻፈ ነው፤ የሚያብለጨልጨውን መዝግቦ የሚሸተውን አለፈው።

ዛሬም ቢሆን ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። የዕጣኑ ዛፍ ከትግራይ ቆላ ተነስቶ፣ በመተማና በቋራ በኩል፣ መተከልን ይዞ እስከ አሶሳ ዞን ቆላማ ወረዳዎች ድረስ በድንጋያማ ዳገት ላይ ይበቅላል። በንግድ ስያሜው ግን ከየትም ይምጣ «የትግራይ ዓይነት» ነው የሚባለው፤ ከቦረናና ከኦጋዴን ዓይነቶች እንዲለይ። የቤኒሻንጉል ስም ከጆንያው ላይ የለም። አሶሳ ሲባል የሚታወሰን ማንጎው ነው፤ ጉባ ሲባል ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ነው። ሁለቱም ይገባቸዋል። ዕጣኑ ግን እዚያው ጉባ እንደሚወጣ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሥራው እንዲህ ነው። ዝናቡ አልፎ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ፣ ሠራተኞች ወደ በረሃ ይወርዳሉ። ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ወጣቶች ናቸው። በትንሽ የብረት መፋቂያ ቅርፊቱን ስስ አድርገው ይገሽሩታል። ዛፉ ቁስሉን ሊደፍን ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹ ደርቆ ጠብታ ይሆናል። ያንን ለቅመው ቁስሉን እንደገና ያድሱታል። በአንድ በጋ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ይመላለሱበታል። ሙቀቱ፣ የውኃው ጥም፣ ወባውና እባቡ ከደሞዙ ጋር አይመጣጠንም። ከዚያ ጆንያው ወደ ከተማ ይወጣል፤ ሴቶች ተቀምጠው በመጠኑና በንጣቱ ይለዩታል። ትልቁና ነጩ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ጥቁሩና ብናኙ መጨረሻ ነው። ደረጃው ራሱ በዓይን መሆኑን ልብ ብላችኋል? ለአፍንጫ የሚሸጥ ዕቃ ዋጋው የሚቆረጠው በዓይን ነው።

ዕጣን የዛፉ የቁስል መድኃኒት መሆኑ ለሁላችንም ትምህርት አለው። ጥቂት ቢገሸር ይድናል። ዓመት ከዓመት ያለ ዕረፍት ከተገሸረ ግን ለዘሩ የሚያወጣውን ጉልበት ለቁስሉ ያውላል። በጎረቤት ኤርትራ የተደረገ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው፣ ካልተገሸሩ ዛፎች ከተለቀመ ዘር ከመቶ ሰማንያው በላይ ሲበቅል፣ ከተገሸሩት ግን ከመቶ አሥራ ስድስቱ እንኳ በቅጡ እንዳልበቀለ አሳይቷል። የበቀለውንም ፍየልና ከብት ይበላዋል፤ የሰደድ እሳት ይለበልበዋል። ትልልቆቹን ደግሞ ግንድ የሚቦረቡር ጢንዚዛ ይጥላቸዋል። የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች አብረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሰፊ ጥናት፣ በአብዛኞቹ የዕጣን ደኖች ውስጥ ለጋ ዛፍ የሚባል ነገር ለአሥርተ ዓመታት አልታየም። እንዲሁ ከቀጠለ በሃያ ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ይወርዳል ብለዋል። ከዓለም ዕጣን ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው ይህ ዛፍ መሆኑን አትርሱ።

ይህ ዜና አገር ማስደንገጥ ነበረበት። ያላስደነገጠው ለምን ይመስላችኋል? ጫካው ስላልጠፋ ነው። ሽማግሌ ዛፎች ቆመዋል። ዕጣኑ መርካቶ አለ፤ እሑድ ማለዳ ከጽናው ይጨሳል፤ ቡናው ላይ ይጣላል። አያት ብቻ የቀሩበት፣ ልጅና የልጅ ልጅ የሌለበት ቤተሰብ ማለት ነው። ከውጭ ሲያዩት ሰው አለው፤ ቀን ሲቆጥሩለት ግን የለውም። አፍንጫችን ደግሞ ትናንት የሸተተው ዛሬም ስለሚሸተው ምንም አልነገረንም።

«ዕጣኑ ቢጠፋ ፈረንጅ ሠርቶ ያመጣልን የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ ይህ ከዚህ በፊት ሆኗል። ኢትዮጵያ ዝባድን በቀንድ እየሞላች በምጽዋ በኩል ለዓለም የሽቶ ገበያ ትልክ ነበር። ከጥርኝ የሚገኝ ነገር ነው። ሊዮፖልድ ሩዢችካ የተባለ ኬሚስት ዙሪክ ላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባዱን ዋና ሞለኪውል አሠራር ደረሰበት፤ በ1939 ለኬሚስትሪ ኖቤል ካበቁት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሹ እየተስፋፋ ሄዶ ቀንዱን የሚጠይቅ ሰው አነሰ። ተቀባዩ ሞለኪውሉን እንጂ ጥርኟን አያውቅምና ተታለለ። ለጥርኟ እሰየው ነው፤ በጠባብ ጎጆ ከመኖር የዳነች አለች። ዕጣን ግን ከዚህ ይለያል። አንደኛ፣ ሽታው የአንድ ሞለኪውል ሥራ ስላልሆነ በቀላሉ አይቀዳም። ሁለተኛ፣ ቢቀዳም የሚቀዳው ሽታው ብቻ ነው። ዛፉ ሌላ ነገር በማይበቅልበት ዳገት ላይ አፈሩን ይዞ የቆመ ነው፤ በበጋ ለከብቱም ለሰውም ጥላ ነው፤ እርሻ ለሌለው ወጣት የስድስት ወር እንጀራ ነው። ሞለኪውል ይህን አይተካም።

ሽታ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ዓለም በቅርቡ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ ብዙ ሰው አፍንጫው ሳይታፈን ማሽተት አቃተው። ቫይረሱ ነርቮቹን ሳይሆን በዙሪያቸው ሆነው የሚደግፏቸውን ሕዋሳት እንደሚያጠቃ በኋላ ታወቀ። ዘበኛው ሲታመም ንጉሡም ሥራ ፈታ እንደማለት ነው። ለአብዛኛው ሰው በሳምንታት ተመለሰለት። በነዚያ ሳምንታት ግን ቡናው ትኩስ ውኃ፣ ወጡ ጨው ብቻ ሆኖባቸው የነበሩ ሰዎች፣ ጣዕም ብለን የምንጠራው ነገር አብዛኛው በጉሮሮ በኩል ወደ ላይ የሚወጣ ሽታ መሆኑን ያለ አስተማሪ ተማሩ። ሌላም ነገር አጎደሉ። የሽታ መንገድ በአንጎል ውስጥ ስሜትና ትዝታ ከሚኖሩባቸው ክፍሎች ጋር ጎረቤት ነው። አሜሪካ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው የዕጣን ሽታ ባልጠበቀው ቦታ ሲያገኘው እናቱ ቤት ደርሶ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ሽታ የተቀመጠበትን ትዝታ ምስል ብቻውን አያወጣውም።

አፍንጫ ከጠፋ ወይም ከደነዘዘ ሰውነት ይተካዋል፤ ሕዋሱ በሳምንት በሳምንት ይታደሳል ብለናል። የዕጣን ዛፍ ግን እንዲህ ያለ ተፈጥሮ የለውም። ችግኙ ብቅ ይልና በበጋ እስከ ሥሩ ይደርቃል፤ በክረምት እንደገና ያቆጠቁጣል። እንዲህ እየሞተ እየተነሳ ስንት ዓመት ከርሞ ነው ዛፍ የሚሆነው። ይህን ዕድል እንዲያገኝ የሚያስፈልገው ነገር የጠፈር ሳይንስ አይደለም። ቁስሉን መቀነስ፣ ዛፉን በየተወሰነ ዓመት ማሳረፍ፣ ከፊሉን ደን ከከብትና ከእሳት መከለል ነው። ይህን ሁሉ ተመራማሪዎቹ ጽፈውታል። ያልተጻፈው የማን ሥራ እንደሆነ ነው። ገሻሪው ለአንድ በጋ ተቀጥሮ የመጣ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዛፍ የሚጨነቅበት ምክንያት አልተሰጠውም። ፈቃድ ያወጣው ነጋዴ የያዘው ውል አጭር ነው። ጉሙዙና በርታው ዳገቱ የአያቱ ነው፤ ከጆንያው ግን የሚደርሰው ትንሽ ነው። ሁሉም ከዛፉ ይበላል፤ የዛፉ ባለቤት ነኝ የሚል የለም። ባለቤት የሌለው ነገር እንዴት እንደሚያልቅ ለኢትዮጵያዊ አይነገርም።

እንግዲህ ወርቁ የሚቆፈርበት ምድር ነው፤ ይቆፈር። ወርቅ አንዴ ወጥቶ ያልቃል፤ የዕጣን ዳገት ግን በወጉ ከተያዘ ለልጅ ልጅ የሚደርስ ነው። ዛሬ ተነስታችሁ አሶሳ ሂዱ አልልም። ቡናው ሲፈላ፣ ዕጣኑ ፍሙ ላይ ሲወድቅ፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ሽታ ከመጣች በኋላ አፍንጫችሁ እስኪለምድ አንድ ሁለት ደቂቃ አላችሁ። በዚያች ደቂቃ «ይሄ ከየት መጣ? ማን ገሸረው? ዛፉስ ልጅ አለው ወይ?» ብላችሁ ለአጠገባችሁ ሰው ጠይቁ። ነጋዴውንም ዕጣኑን ስትገዙ ጠይቁት። ጥያቄው ሲበዛ ከጆንያው ላይ የአገሩ ስም ይጻፍ ይሆናል፤ ስም ያለው ነገር ደግሞ ጠያቂም ባለቤትም ያገኛል።